ስለሚጥል በሽታ ማንን እንጠይቅ?

የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ቤተ ዘመዱ ምክር የሚቀበለው ከጎረቤት ነው፤ ምክሩም አትንኩት፥ ክብሪት ጭራችሁ አሽትቱት የሚል ነው። የአክስቴ ልጅ ምድጃ ላይ ወድቆ ቀኝ እጁ ተቃጥሎ የተኮማተረው እንዲህ ነው። በዙሪያው የቆሙት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም፥ ይጋባል ብለው ፈርተው ነው እንጂ።

አይጋባም። ሕመሙ የአንጎል ነው፤ ፌኖባርቢታል የሚባለው ርካሽ መድኃኒትም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1912 ጀምሮ ለዚሁ ሕመም ይሰጣል። በዚያው አቆጣጠር በ1980ዎቹ በቡታጅራ በተደረገው ምርመራ ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ሕመሙ ሲገኝበት፥ በመድኃኒት የታከሙት ግን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ።

ልጁ ክኒን መዋጥ ከጀመረ በኋላ በአንድ የጠበል ቦታ አጥማቂው «ክኒኑን ካልተውህ ጠበሉ አይሠራልህም» አለው። እርሱም በድንገት ቢያቋርጥ በሦስተኛው ቀን ሕመሙ እየተደራረበ ጣለው፥ ለጥቂት ተረፈ። መድኃኒቱን በድንገት መተው እንዲህ እንደሚያደርግ ሐኪሙ ነግሮት ነበር፥ አልሰማውም። የሰማው የአክስቴ የንስሐ አባት «ልጄ፥ ጠበሉንም ጠጣ፥ ክኒኑንም ዋጥ» ባሉት ጊዜ ነው፤ እስከ ዛሬም ይውጣል። መጽሐፈ ሲራክስ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ያከብር የለምን?

እንግዲህ አባቶች ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይህን ያህል ቢናገሩ ብዙ ቤት ይሰማል፦ የወደቀውን ከእሳትና ከውኃ አርቁት፥ በጎኑ አስተኙት፥ በአፉ ምንም አታግቡ፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።