ሳፋው ከአልጋዬ ስር አይጠፋም

ሽሮ ሜዳ፣ ከስድስት ኪሎ ግቢ በእግር የምትደረስ የጭቃ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ክረምቴን ይዣለሁ። ኪራዩን ከጓደኛዬ ጋር ነው የምንከፍለው። በአልጋው በኩል ምርጊቱ ተፈርፍሮ ጭዱ ይታያል። የማዳበሪያው ኮርኒስ ውሃ ሲቋጥር ሆዱ ይወጠርና መሃል ቤቱ ላይ ይንጠባጠባል። ሳፋ እንደቅናለን። ፈተና ሲደርስ ደብተሬን በፌስታል ጠቅልዬ ነው የምተኛው።

የጣሪያውን ነገር ለአከራያችን ስንነግራቸው፣ "ልጆቼ፣ ካልተመቻችሁ ልቀቁ፤ ተከራይ ሞልቷል" አሉን። በወሩ ኪራይ ጨመሩ። ጓደኛዬ የታመመች ቀን ግን አጥሚት ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው። ምን ብዬ ልቀየማቸው?

በ2016 ዓ.ም የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ቢያንስ 2 ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ያዛል። እኛ በእጃችን አንድም ወረቀት የለም። በቃል ገባን፣ በቃል ተጨመረብን።

ዘንድሮ ቤት የምትፈልጉ እህት ወንድሞቼ፣ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ውሉን በጽሑፍ ጠይቁ። ቤቱንም ዝናብ እየዘነበ ሂዱና እዩት።