ሳይሸመን የቀረ ፈትል

ከዚህ ዓለም በሞት የሚለይ ሰው የጀመረውን ሁሉ ፈጽሞ የሚሄደው ከስንት አንድ ነው። ገበሬው ያላጨደው አዝመራ፤ ነጋዴው ያልሰበሰበው ዱቤ፤ ጸሐፊው ያልጨረሰው ብራና በኋላው ይቀራል። ስለ አዝመራውና ስለ ዱቤው ሽማግሌ ተቀምጦ ይነጋገርበታል፤ ሕግም አለው። የቤት እመቤት በኋላዋ የምትተወው ያልተፈጸመ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ በሙዳይ የተቀመጠ ፈትል ወይም ግማሽ የደረሰ ስፌት ስለሆነ ማንም አይነጋገርበትም። ከቀብር መልስ ቤቱ ሲጠረግ ወደ ጓዳ ይገፋል፤ ከዚያ በኋላ አይጥና እርጥበት ይወርሱታል። እኛም ዛሬ ልንጽፍ የወደድነው ተከራካሪ ስለማይቆምለት ስለዚህ ውርስ ነው።

እናታችን በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር ባረፉ ጊዜ በጓዳቸው ውስጥ ክዳን ያለው ትልቅ የስፌት ሙዳይ ተገኘ። በውስጡ በእጃቸው የፈተሉት 23 ልቃቂት ነበረበት። ከታች የተቀመጠው ዓይናቸው ብርሃን ሳለ የፈተሉት ስለ ነበረ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነና ዳር እስከ ዳር እኩል የሆነ ክር ነበር። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ክሩ እየወፈረ፤ አንድ ስፍራ እየጎበጠ ሌላ ስፍራ እየሳሳ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ያለው ልቃቂት የመጨረሻውን ክረምት፤ ማለት እጃቸው መንቀጥቀጥ የጀመረበትን ጊዜ የሚያመለክት ነበር። ደብዳቤ መጻፍ የማያውቁት እናታችን የእርጅናቸውን ታሪክ በዚያ ሙዳይ ውስጥ ከታች ወደ ላይ ደርድረው ትተውልን ነበር ለማለት ይቻላል።

ዳሩ ግን ፈትሉ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ አልነበረም። ለማን እንደ ታሰበም አልተናገሩም። በዚያን ጊዜ በታላቅ እኅታችንና በታናሽ ወንድማችን መካከል ስለ ቤቱ ጉዳይ ቅያሜ ገብቶ፤ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰው ነበር። ስለዚህ ፈትሉም የክርክር ምክንያት ሆነ። እኅታችን፥ «እናቴ ይህን የምትፈትለው ለልጄ መዳሪያ ነው» አለች። ወንድማችን ደግሞ፥ «ሌሊት በብርድ የምሠራ እኔ ነኝ፤ ለእኔ ነው እንጂ» አለ። ነገሩን ለማብረድ የፈለጉ ዘመዶች፥ ልቃቂቱን ለአራታችሁ ተካፍላችሁ ለመታሰቢያ አስቀምጡት ብለው መከሩ። ምክሩ ፍትሕ ይመስላል። ነገር ግን ለአራት የተከፈለ ፈትል የአራት ሰው ጋቢ አይሆንም፤ የአንድ ሰውም ጋቢ አይሆንም። አምስት ስድስት ልቃቂት በየሣጥናችን ተቀምጦ ይበሰብስ ነበር።

በቅዱስ ወንጌል ለአራት የተከፈለ ልብስ አለ፤ ያልተከፈለም ልብስ አለ። ዮሐንስ ወንጌላዊ እንደ ጻፈልን ጭፍሮቹ የጌታችንን ልብስ ለአራት ከፍለው ወሰዱ፤ እጀ ጠባቡ ግን ከላይ ጀምሮ ወጥ ሆኖ የተሠራ ስለ ነበረ ሊቀዱት አልወደዱም። ምሕረት የማያውቁት ሰዎች እንኳ ቢቀደድ ለማንም የማይጠቅም መሆኑን አስተዋሉ። በክርስቲያን ቤት ያለን ወንድማማቾችማ የእናታችንን ድካም ለመቆራረስ መቸኮላችን ምን ሊባል ነው?

ነገሩን የቈረጡት ጎረቤታችን እማማ ናቸው። እኒህ ባልቴት ከእናታችን ጋር በአንድ ደጅ ተቀምጠው ሲፈትሉ የኖሩ ናቸው። እኅታችንና ወንድማችን በየተራ ሄደው ምስክርነት በጠየቋቸው ጊዜ ለሁለቱም አንድ መልስ ሰጡ፤ «ለማን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም፤ እሷም አልነገረችኝ። ልጆቼ፥ ፈትል ሳያልቅ ባለቤት አይወጣለትም። መጀመሪያ ጨርሱት፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ ትነጋገራላችሁ።»

ለመጨረስ ግን የሚፈትል ሰው ያስፈልጋል። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይለያል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ በእንዝርት ተፈትሎ ልቃቂት ይሆናል። ይህን ሁሉ እናታችን በቃላቸው ሳይናገሩ በእጃቸው ያውቁት ነበር። በዘመናዊው ትምህርት ቤት እኛ መምህራን ስለ ጥጥ ብዙ እናስተምራለን፤ በአዋሽ ሸለቆ፤ በመተማና በሑመራ ቆላ እንደሚበቅል፤ ከምን ዓይነት ተክል እንደሚገኝ፤ በፋብሪካ እንዴት እንደሚፈተል ተማሪው ጽፎ ይፈተናል። ነገር ግን ዲግሪ የያዙ ስድስት ሰዎች ባሉበት ቤታችን አንድ ክንድ ክር ሳይበጠስ ለማውጣት የሚችል አንድ ሰው አልተገኘም። ወንድማችን የጎደለውን ከገበያ እንግዛ አለ። እማማም፥ «የገበያ ክር ነውር የለበትም፤ የእናታችሁ ሙያ ግን በገበያ አይሸጥም» ብለው መለሱ።

ከዚህ በኋላ የእኅታችን ሴት ልጅና የወንድማችን ሴት ልጅ በሥራ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ወደ እማማ ደጅ ይሄዱ ጀመር። በበዓል ቀን እንዝርት አይነካም። እማማ ሥራውን የሚጀምሩት አማትበው ነው፤ ለልጆቹም መልአኩ ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠራት ጊዜ ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል እንደ ነበረ የቤተ ክርስቲያናችንን ትውፊት ይነግሯቸው ነበር። የልጆቹ የመጀመሪያ ክር እንደ ገመድ የወፈረ ነበር፤ ቀጥሎ የወጣውም እየሳሳ ይበጠስ ነበር። በሁለተኛው ወር ግን ክሩ ክር መምሰል ጀመረ። ልጆቹ ሲመሽባቸው እኅታችን ልጇን፤ ወንድማችንም የእርሱን ልጅ ለመውሰድ ይመጣሉ። በእማማ ፊት ሰላምታ መከልከል አይቻልም፤ የቀረበውን ቡና ሳይጠጡ መነሣትም አይቻልም። የሽማግሌ ጉባኤ ሊፈታው ያልቻለውን ነገር የሁለት ልጆች እንዝርት ቀስ በቀስ እያላላው ሄደ።

ልጆቹ ሰባት ልቃቂት በጨረሱ ጊዜ አንድ ጥያቄ ተነሣ። እኅታችን፥ የእናታችን ፈትል ከጀማሪ ፈትል ጋር ቢቀላቀል ይበላሻል ብላ ፈራች። ፍርሃቷ የፍቅር ፍርሃት ስለሆነ የሚናቅ አልነበረም። ነገር ግን በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው የብራና መጻሕፍትን ሲገልጥ የሚያየው ነገር አለ። አንዳንዱን መጽሐፍ የጀመረው ጸሐፊ አልጨረሰውም፤ ሞት ወይም ደዌ ከልክሎት ከመካከል ሌላ እጅ ተቀብሎታል። የፊተኛው ፊደል ረቂቅና ቀጥ ያለ ሆኖ ሳለ የኋለኛው ደንደን ያለና ወደ ጎን ያዘመመ ይሆናል። በቅዳሴ ጊዜ ግን አንባቢው በዚያ ስፍራ ቆሞ «ከዚህ ወዲያ አላነብም» አይልም። ሁለተኛው ጸሐፊ እንደ ፊተኛው መጻፍ አልችልም ብሎ ብራናውን ቢተወው ኖሮ መጽሐፉ ጎዶሎ ሆኖ ይቀር ነበር። ይህን በነገርናት ጊዜ እኅታችን ሙዳዩን በእጇ አንሥታ ሰጠችን።

ፈትሉን በሽሮ ሜዳ ወደሚሠሩ አንድ አረጋዊ ሸማኔ ወሰድነው። በአዲስ አበባ በዚህ ሙያ የታወቁት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ የዶርዜ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው፤ እኒህም ሰው ከዚያው የመጡ ናቸው። ልቃቂቱን አንድ በአንድ እየፈቱ በጣታቸው ሳብ አድርገው መረመሩት። የታችኛው ክር ብዙ ዘመን የቆየ ስለሆነ ደርቋል፤ የላይኛው ደግሞ ጥንካሬው አንድ አይደለም አሉ። «ይህን ለድር አልዘረጋውም፤ ድር ተወጥሮ የሚውል ስለሆነ ይበጠሳል። ለማግ ግን ይሆናል። ድሩን ከፋብሪካ ክር አድርጉልኝ።» ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች የሚሠሩት በዚህ ዓይነት ስለሆነ እኛም ተስማማን። ቀጥለውም፥ ቀጭኑን በአንድ ወገን ወፍራሙን በሌላ ወገን ብሸምነው ሸማው ይጣመማል፤ ስለዚህ አንዱን ከእናታችሁ ሌላውን ከልጆቹ እያፈራረቅሁ እወረውራለሁ አሉን። የወጣቶቹ ክር ያልደረቀ ስለሆነ የአሮጌውን ክር ድካም ይሸከምለታል፤ የአሮጌው ክር ቅጥነትም የወጣቶቹን ጉብታ ይሸፍንላቸዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ እንሰማው ነበር፤ በጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጠን መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ስናይ ግን ትርጉሙ በዓይን የሚታይ ሆነ።

ሙታን የጀመሩትን የእጅ ሥራ መፈጸም በሌላም አገር ያለ ነገር ነው። በአሜሪካ ሴቶች ካረጀ ልብስ ላይ ደህናውን ጨርቅ እየቈረጡ፤ ቁራጮቹን አራት ማዕዘን አድርገው ይገጣጥማሉ። ይህን ብዙ አድርገው አገናኝተው፤ ከሥሩ ባዘቶና ሌላ ጨርቅ ደርበው፤ ሦስቱን በእጅ መርፌ አንድ ላይ ሲሰፉት ክዊልት የሚባል የአልጋ ልብስ ይሆናል። ብዙ ጊዜ አያት ቁራጮቹን ሰፍታ ሳታገናኛቸው ትሞታለች፤ የልጅ ልጅም ከብዙ ዘመን በኋላ ከሣጥን ታወጣቸዋለች። መጠናቸው አንድ ስለማይሆን በመካከላቸው አዲስ ጨርቅ በቀጭኑ እየቈረጠች አስገብታ ታስተካክላቸዋለች፤ የሳሳውንም ከኋላው ሌላ ስስ ጨርቅ ትደርብለታለች። በአላባማ ጂስ ቤንድ በምትባል የጥቁር ሕዝብ መንደር ሚዙሪ ፔትዌይ የተባሉ ሴት ባላቸው ከሞቱ በኋላ በ1942 እ.ኤ.አ. የሟቹን የሥራ ልብስ ቀድደው፤ ልጃቸው አርሎንዚያ እየረዳቻቸው እንዲህ ያለ ልብስ ሰፍተዋል። የዚያች መንደር ሴቶች ሥራ በ2002 እ.ኤ.አ. በሂውስተን ከተማ በሥነ ጥበብ ሙዚየም ታይቶ ብዙ ሕዝብ አድንቆታል። ሲሰፋ ግን ለሙዚየም ተብሎ የተሰፋ አልነበረም፤ ሌሊት ብርድ እንዳይገባ ነው።

የእኛም ጋቢ ያለ መርፌ አላለቀም። መወርወሪያው በእጅ የሚወረወር ስለሆነ የሸማው ወርድ የሸማኔው ክንድ ከሚደርስበት አያልፍም። ስለዚህ ሸማኔው አንድ ረጅም ሸማ ያስረክባል፤ እርሱ ተቈርጦ ጎን ለጎን ከተሰፋ በኋላ ተደርቦ 4 እጥፍ ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፤ የሙት ዓመታቸው ሳይደርስ፤ እኅታችን ከአንዱ ጫፍ የወንድማችን ሚስት ከሌላው ጫፍ ጀምረው መገጣጠሚያውን በእጃቸው ሰፉት። የአንዷ ስፌት ጠበቅ ያለ የሌላዋ ሰፋ ያለ ስለሆነ የተገናኙበት ስፍራ ዛሬም ይታወቃል። ልጆቹም በጫፉ የቀረውን ክር ሁለት ሁለቱን እየገመዱ ዘርፉን ሠሩ።

ካለቀ በኋላ «ለማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ማንም አላነሣውም። አጥፈን በሣጥን ልንቈልፍበትም አልወደድንም። ከአራታችን ቤት ችግር ወይም ደስታ ወዳለበት ቤት ይሄዳል፤ ሌላው እስኪፈልገው ድረስም እዚያው ይቈያል። በ2013 ዓ.ም. የእኅታችን ታላቋ ልጅ በወለደች ጊዜ በአራስነቷ ለበሰችው። በ2015 ዓ.ም. ወንድማችን ታሞ በተኛ ጊዜ ደግሞ ጋቢውን ይዛ በሌሊት የደረሰችው ራሷ እኅታችን ናት፤ በእጇም አለበሰችው። ስለ ቤቱ ጉዳይ ያለው ነገር ከዚያ በኋላ በሁለት ቀን ንግግር አለቀ።

ቅድስት ጣቢታ በኢዮጴ ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ በሐዋርያው ጴጥሮስ ፊት ቆመው እያለቀሱ ያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነበር። የሟች ሴት ምስክር ብዙ ጊዜ የእጇ ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሔት የምታነቡ ወንድሞችና እኅቶች፥ በቤታችሁ ከእናት ወይም ከአያት የቀረ ፈትል፤ ስፌት ወይም ጥልፍ ካለ ዛሬ ሙዳዩን ክፈቱት። እርጥበት ከገባው አየር ባለበት ስፍራ አናፍሱት፤ ክሩንም በጣት ሳብ አድርጋችሁ ለምን እንደሚሆን ባለሙያ ጠይቁ። ሙያውን የሚያውቁ እማማ በሰፈራችሁ በሕይወት ሳሉ ልጆቻችሁን ወደ እሳቸው ላኩ፤ ይህ ጊዜ የማይሰጥ ነገር ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ሳይፈጸም አትካፈሉት። ከተፈጸመም በኋላ ይለበስ፤ ይታጠብ፤ ይተርተር፤ ደግሞም ይሰፋ። እናቶቻችን ዓይናቸው እስኪደክም የፈተሉት ልጆቻቸው እንዲሞቁበት ነውና።

የጀመሩትን ለመፈጸም እግዚአብሔር እጃችንን ያበርታልን፤ ነፍሳቸውንም በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። አሜን።