ከእማዬ ጋር በዶርዶኝ ወንዝ ዳር

ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆቻችሁን ይዛችሁ የአውሮፓ መንደሮችን ለማየት ካሰባችሁ፣ ሆቴል ከመያዛችሁ በፊት አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ያለውን መኪና አስቡት። ፈረንሳዮች «ካምፒንግ ካር» ይሉታል። ክብደቱ ከ3,500 ኪሎ ግራም ካልበለጠ በተራ መንጃ ፈቃድ ይነዳል።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። «እኔ እዚሁ እቀመጣለሁ፣ እናንተ ዙሩ» የምትል ዓይነት እናት ናት፤ ታውቋታላችሁ። ፈረንሳይ የምትኖረውን እህቴን ልንጠይቅ ስንሄድ፣ አንዱን ቀን ለዶርዶኝ መንደሮች ሰጠነው። ያየናቸው ሦስቱም በ1982 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የፈረንሳይ ውብ መንደሮች ማኅበር ውስጥ አሉበት። ማኅበሩ ከ2,000 በላይ ነዋሪ ያለውን መንደር አይቀበልም።

ጠዋት ከሳርላ ተነሥተን ቤይናክ ደረስን። ገደል ላይ ያለው ግንብ ከወንዙ ማዶ ካለው ከካስቴልኖ ግንብ ጋር ይተያያል፤ በመቶ ዓመቱ ጦርነት ፈረንሳዮችና እንግሊዞች በዚህ ወንዝ ግራና ቀኝ ተፋጠዋል። እማዬ አልወርድም አለች። ቡና አፈላንና ግንቡን ከመስኮት አየነው።

ላ ሮክ ጋዣክ ላይ ግን ወረደች። የወንዙ ዳር መንገድ ሜዳ ነው። ቤቶቹ ከገደሉ ሥር ተጣብቀዋል፤ በ1957 እ.ኤ.አ. ከላይ የተናደ አለት 3 ሰዎች ገድሏል። ይህን ስነግራት ቀና ብላ አየችና «ታዲያ ለምን አይለቁም?» አለች። ትንሽ ቆይታ ራሷ መለሰች፤ «ሰው ቤቱን ትቶ የት ይሄዳል!»

እኔና እህቴ ተያየን። የጉለሌውን ቤት ሸጣ ከአንዳችን ጋር እንድትኖር ስንጎተጉታት ዓመት አልፎናል።

ከሰዓት ዶም ሄድን። ይህን የኮረብታ ከተማ ንጉሥ ፊሊፕ ሣልሳዊ በ1281 እ.ኤ.አ. መሠረተው። ከ1307 በኋላ በበሩ ማማዎች የታሰሩ የቴምፕላር መነኮሳት ወታደሮች ስቅለቱን በግድግዳው ላይ ቀርጸዋል። መኪናውን ከግንቡ ውጭ አቁመን፣ እማዬ በእኔና በእህቴ ተደግፋ ገባች። ታሪኩን ስትሰማ አማተበች። ከዚያ ሸለቆው ቁልቁል በሚታይበት አግዳሚ ወንበር ላይ ብዙ ተቀመጠች፤ አላጣደፍናትም። ለዚህ ነው መኪናውን የምመክራችሁ፤ የሚያመልጥ ባቡር የለም።

ማታ የተፈቀደ ማቆሚያ ፈልጉ፤ ቆሻሻ ውኃ የሚደፋበትና ንጹሕ ውኃ የሚቀዳበት ቦታ ያለውን።

እራት ላይ እማዬ «ክረምት ሳይገባ የቤቱ ቆርቆሮ ይቀየርልኝ» አለች። እህቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣችና ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅ ጠየቀቻት።