የዲርፊልድ በር

ከቦስተን ወደ ምዕራብ የሁለት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ የተጓዘ ሰው ዲርፊልድ ከምትባል ትንሽ መንደር ይደርሳል። በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኮኔቲከት ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያለች ናት። እኔ በጥቅምት ስደርስ የዛፉ ቅጠል ቀልቶ ይረግፍ ነበር፤ ማታ ስለ ቀድሞው የጠረፍ ኑሮና ጦርነት ለሕዝብ ንግግር ይደረጋል ቢሉኝ፣ ለመስማት አደርሁ።

ቀን በመታሰቢያ አዳራሹ ውስጥ በሩን አይቼ ነበር። አዳራሹ በ1798 ለትምህርት ቤት ተሠርቶ ከ1880 ጀምሮ ቤተ መዘክር የሆነ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በሩ ወፍራም ሳንቃ ነው፤ ብዙ ምስማር ተመትቶበታል። በመካከሉ በመጥረቢያ የተፈለጠ ቀዳዳ አለ። በዚያ ቀዳዳ በተተኮሰ ጥይት በውስጥ የነበረች ሴት እንደ ሞተች ይነገራል። ቤቱ በ1848 ሲፈርስ በሩን አስቀሩት።

ይህ የሆነው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1704 ነው። እኔም የባሕረ ሐሳብ ተማሪ ልማድ ይዞኝ ቀኑን ቈጠርሁ፤ እንግሊዞች ያን ጊዜ አሮጌውን አቆጣጠር ገና ስላልተዉ፣ በፈረንሳዮች ዘንድ ማርች 11 ነበር፤ በእኛ መጋቢት 4 ቀን 1696፣ ዘመነ ዮሐንስ፣ አድያም ሰገድ ኢያሱ በጎንደር ነግሠው ሳለ።

እንግሊዝና ፈረንሳይ በአውሮፓ ይዋጉ ስለ ነበር ጦሩ እስከዚህ ጠረፍ ተሻገረ። ፈረንሳዮችና ከእነርሱ ጋር የተባበሩ አቤናኪዎች፣ ሞሐውኮችና ሌሎች የአገሩ ተወላጆች፣ በጠቅላላው 300 ያህል ሆነው ከካናዳ በበረዶ ላይ ተጉዘው ከንጋት በፊት ደረሱ። በረዶው በእንጨቱ አጥር ላይ ተከምሮ መሰላል ሆነላቸው። ከመንደሪቱ ሰዎች 50 ያህል ሞቱ፤ 112 ተማርከው 300 ማይል የሚሆን መንገድ ወደ ካናዳ በእግር ተነዱ። የሰባኪው የጆን ዊልያምስ ሁለት ሕፃናት በቤቱ ደጃፍ ተገደሉ። ከእነርሱም ጋር ፓርቴና የምትባል ጥቁር ባሪያው ሞተች። ሚስቱ በማግሥቱ በመንገድ ደክማ ተገደለች።

የማታዪቱ ተናጋሪ ግን ከዚህ አልጀመሩም። ሸለቆው የፖኩምተክ ሕዝብ አገር እንደ ነበረ አስቀድመው ተናገሩ። ቀጥለውም በ1676 ካፒቴን ተርነር የተባለ እንግሊዛዊ ከዚህ በማይርቅ ፏፏቴ አጠገብ ዓሣ ለማጥመድ የሰፈሩትን ሰዎች ገና ሳይነጋ እንደ ወረደባቸው፣ ከሞቱትም የሚበዙት ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች እንደ ነበሩ ገለጡ። የፏፏቴው ከተማ ዛሬም በተርነር ስም ይጠራል። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ይህን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው እንደ ገና አስቀመጡት። ቤተ ሰባቸው ከዚያው አካባቢ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ገመትሁ። ሰባኪው ባሪያ እንደ ነበረውም ሳይሸሽጉ ተናገሩ፤ እኔም ይህን ወደድሁላቸው፤ የአባቶችን ታሪክ የሚያስተምር ሰው ከሚያሳፍረው ላይ ዘሎ ቢያልፍ፣ የቀረውን ማን ያምነዋል?

ኋላ ወደ ዩኒስ መጡ። የሰባኪው ልጅ ስትሆን በተማረከች ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቷ በ1706 ተለቆ ስለ ምርኮው መጽሐፍ ጻፈ፤ እርሷ ግን በሞንትሪያል አጠገብ በካናዋኪ ከሞሐውኮች ጋር ቀረች። የእንግሊዝኛ ቋንቋዋን ረሳች፤ በ1713 አሮሰን የሚባል የዚያ ሰው አገባች። በዚያው ዓመት መልእክተኛ ሄዶ ወደ አባቷ እንድትመለስ እጅግ ለመናት፤ ብዙ ዝም ካለች በኋላ በሞሐውክ ቋንቋ ሁለት ቃል ብቻ መለሰች፤ ትርጉሙም «ምናልባት አይሆንም» እንደ ማለት ነው። በአዳራሹ የቀድሞ ሰዎች ያስቀረጹት እብነ በረድ አረመኔ አግብታ አረመኔ ሆነች ሲል ይወቅሳታል፤ ቀን ሳነበው ቃሉ ከብዶኝ ነበር።

አዛውንቱ ተነሥተው፣ «አባቷን አልናፈቀችም ኖሯል?» ብለው ጠየቁ። ተናጋሪዋ ጥቂት ቆዩና፣ አባቷ በ1714 ራሱ ሄዶ እንዳያትና ባዶ እጁን እንደ ተመለሰ፣ በ1729ም እንደ ሞተ መለሱ። እርሷ ከ1740 ወዲህ ከባሏ ጋር አራት ጊዜ መጥታ ወንድሞቿን ጠየቀች፤ የመጀመሪያውን ጊዜ የተነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። በየጊዜው ወደ ካናዋኪ ተመለሰች፤ በዚያውም በ1785 በ89 ዓመቷ ሞተች።

አዛውንቱ አመስግነው ተቀመጡ።