ከካኩማ እስከ ሎድዋር፦ የአምቡላንስ መንገድ



ከካኩማ ሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙዎቻችን መንገዱን በአውቶቡስ መስኮት ነው የምናውቀው፤ ግራር፣ አቧራ፣ ፍየል የሚነዱ የቱርካና እረኞች፣ ላጋ የሚባሉት ደረቅ ወንዞች። ዝናብ ሩቅ ቦታ ሲጥል ላጋው ሳይታሰብ ይሞላል። ድሮ ኮረኮንች የነበረው መንገድ አሁን አስፋልት ሆኗል። እኔ ግን አንድ ሌሊት በአምቡላንስ ሄጄበታለሁ።

ጎረቤቴ ቤቷ ወለደች፤ ደሙ አልቆም አለ። ባሏ ራቅ ብሎ ሥራ ላይ ነበር። እኛም «እሱ ይምጣ»፣ «ልጆቹን ማን ይይዛል?»፣ «ሲነጋ ይሻላል» እየተባባልን ጊዜ አቃጠልን። በመጨረሻ አንዲት እማማ «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ተነሱ እንጂ!» ብለው ተቆጡን።

ክሊኒክ ስንደርስ ነርሷ መርፌ ወጋቻት፣ ግሉኮስ ሰቀለችላት፣ የሪፈር ወረቀቱን ጻፈች፣ ሎድዋርም ደወለች። በጨለማው ጉዞ እጇን ይዤ ላጋዎቹን እቆጥር ነበር። ሁለት ሰዓት ገደማ ፈጀብን። ቤት ያባከንነው ከዚያ ይበልጣል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ከባድ ደም ካልታከመ ደግሞ በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስንደርስ ቀድሞ ስለተደወለ አልጋው ተዘጋጅቶ፣ ሐኪሞቹም ቆመው ጠበቁን። «ደሙ መቼ ጀመረ? የደም ዓይነቷስ?» ብለው በስዋሂሊ ጠየቁ። እሷ ቋንቋውን አትችልም፤ እኔ አስተረጎምኩ። የደም ዓይነቷን ግን የሚያውቅ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1994 ሴሪን ታዴየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እናቶችን የሚገድሉት 3 መዘግየቶች ናቸው ብለው ጽፈዋል፦ ለመሄድ መወሰን፣ ሆስፒታል መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ መታከም። አስፋልቱ ለሁለተኛው፣ የነርሷ ስልክ ለሦስተኛው ረድቶናል። የመጀመሪያው ግን የእኛው የቤታችን ነው።

ስለዚህ ነፍሰ ጡር ያለበት ቤት ዛሬውኑ ይነጋገር። ባል ከሌለ ማን ይወስናል? ልጆቹን ማን ይይዛል? ስዋሂሊ የሚችል ማን አብሯት ይሄዳል? ደም ቢያስፈልግ ማን ይሰጣል? የክትትል ካርዷና የክሊኒኩ ስልክ ቁጥር አንድ ቦታ ይቀመጡ። የሚሻለው ደግሞ ክሊኒክ ሄዶ መውለድ ነው። ደም ከበዛ፣ ራሷን በኃይል ካመማት ወይም ካንቀጠቀጣት ግን እስኪነጋ አይጠበቅም።

ጎረቤቴ ተርፋለች፤ ልጇም ዛሬ በብሎካችን ይሯሯጣል። እኛ ግን ዕድል ነው የረዳን።

ቸር ያሰማን።