ያልታጠበ ፒፓ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሐበሻ የሚሠራበት ሱቅ ብዙ ነው። እኔም ከባንኮኒው ጀርባ የምቆመው ከነዚያ በአንዱ ነው፤ ቢራ፣ ሎተሪ፣ ቺፕስ፣ የስልክ ቻርጀር፣ የራስ ምታት ክኒን እንሸጣለን። ከሲጋራው ጎን፣ ቁልፍ ባለው የመስተዋት ሣጥን ውስጥ ደግሞ የብርጭቆ ፒፓዎች ተደርድረዋል። ከመዳፍ አይበልጡም፤ ሰማያዊ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ዝንጉርጉር አለ። ሣጥኑ ላይ «ለትምባሆ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በነዚህ ፒፓዎች ትምባሆ ሊያጨስ የመጣ ደንበኛ እስከ ዛሬ አላየሁም። ወረቀቱን የለጠፈው ሰውም አላየም። የተለጠፈው እንዲነበብ እንጂ እንዲታመን አይደለም።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ብለው ሎተሪ የሚቆርጡ አንድ ጋሼ አሉን፤ የበጌምድር ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሣጥኑ ላይ ባረፈ ቁጥር «ልጄ፣ ይኼን ጉድ ማነው ያመጣብን?» ይላሉ። እኔ አፌን ሳልከፍት ራሳቸው ይመልሱታል፦ «ፈረንጅ ነዋ! ሌላ ማን ያመጣዋል?» ከዚያ ቲኬታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተው ይወጣሉ። ሎተሪውን ማን እንዳመጣው ጠይቀው አያውቁም።

ጥያቄያቸው ግን አብሯቸው አልወጣም። የሌሊት ፈረቃ ረጅም ነው፣ ደንበኛ ይሳሳል፤ እኔም የፒፓውን የዘር ሐረግ መቁጠር ያዝኩ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የተከሰሰው ፈረንጅ ስለሆነ በራሱ ቀን መዳኘት ይገባዋል።

ከወረቀቱ እንጀምር። የአሜሪካ ፌደራል ሕግ ለአደንዛዥ ዕፅ መጠቀሚያ የሚሆን ዕቃ መሸጥን ይከለክላል። ፒፓን ሲዘረዝር ብረቱን፣ እንጨቱን፣ ድንጋዩን፣ ሸክላውን ጠርቶ ብርጭቆውንም አልረሳም። በልማድ ለትምባሆ የሚውል ዕቃ ግን ከክልከላው ነጻ ነው። ታዲያ አንድ ፒፓ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በምን ይለያል? ሕጉ ሊታዩ ይችላሉ ካላቸው ነገሮች አንዱ ስለ አጠቃቀሙ በቃል ወይም በጽሑፍ የተሰጠው መመሪያ ነው፤ ሌላው ዕቃው ለሽያጭ የቀረበበት ሁኔታ። ያው አንዱ ብርጭቆ በሻጩ አፍ ይጸድቃል፣ በሻጩ አፍ ይኮነናል ማለት ነው።

ዲሲ ደግሞ የራሷን ቅኔ ዘርፋለች። ሕዝቡ በ2014 ድምፅ ሰጥቶበት በ2015 በጸናው ሕግ መሠረት 21 ዓመት የሞላው ሰው እስከ ሁለት አውንስ ካናቢስ መያዝ፣ ቤቱ ውስጥ ማብቀል፣ እስከ አንድ አውንስ ድረስም ለሌላ አዋቂ ያለ ክፍያ መስጠት ይችላል። ፒፓ መሸጥም ተፈቅዷል። ይኸው ሕግ ዕፁን መሸጥ ግን አልፈቀደም። ምጣዱ ይሸጣል፣ እንጀራው ግን በስጦታ ብቻ እንደማለት ነው። ወዲያው በከተማዋ ተለጣፊ ሥዕል በውድ ዋጋ ሸጠው ዊዱን «የሚመርቁ» ሱቆች ፈሉ። ሰምና ወርቅ የጎጃም ብቻ ነው ያለ ማነው?

ለጋሼ ፍርድ ማስረጃ አይጠፋም። የዛሬው የብርጭቆ ፒፓ አባት ተብሎ የሚጠራው ቦብ ስኖድግራስ የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1980ዎቹ ግሬትፉል ዴድ የሚባለውን የሮክ ባንድ ከከተማ ከተማ እየተከተለ፣ ብርጭቆ በጋዝ እሳት እያቀለጠ፣ ፒፓ እየሠራ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ነው አንድ ጥበብ ያዳበረው፦ ብር በእሳቱ ላይ ሲተን እንፋሎቱ ብርጭቆው ላይ ያርፍና ስስ ሽፋን ይሆናል። አዲሱ ፒፓ ፈዘዝ ያለ ነው። እያጨሱበት ውስጡ በጥቀርሻ ሲጠቁር ግን ሽፋኑ ሰማያዊና ወርቃማ እየሆነ ይደምቃል። ሌላው ዕቃ ሲቆሽሽ ያስጠላል፤ ይኼ ሲቆሽሽ ያምርበታል። ስኖድግራስ ኋላ ኦሪገን ውስጥ ዩጂን ከተማ ተቀመጠ፤ ደቀ መዛሙርት አፈራ፤ ዩጂንም የፒፓ ሠሪዎች አገር ሆነች።

መንግሥትም ዝም አላለም። በ2003 «ኦፐሬሽን ፓይፕ ድሪምስ» በተባለ ዘመቻ 55 ሰዎች ተከሰሱ። ኮሜዲያኑ ቶሚ ቾንግ አንዱ ነበር፤ የቤተሰቡ የብርጭቆ ፒፓ ንግድ ዘጠኝ ወር አሳስሮ 20,000 ዶላር አስቀጣው። ሰውየው ስሙን የተከለው በየፊልሙ ዊድ እያጨሰ ነው፤ ለዚያ የነካው አልነበረም። እስር ቤት ያወረደው ባዶ ብርጭቆ ነው።

ፒፓው የሚሠራበት ብርጭቆ ራሱ የጨዋ ልጅ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መገባደጃ ጀርመናዊው ኬሚስት ኦቶ ሾት፣ ዬና ከተማ ውስጥ፣ ቦሮን የተጨመረበት ብርጭቆ ሠራ፤ ሲሞቅ የሚለጠጠው ተራው ብርጭቆ ከሚለጠጠው ሢሶውን ያህል ብቻ ስለሆነ እሳት ቶሎ አይሰነጥቀውም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ኮርኒንግ የተባለው ኩባንያ የጋለ የባቡር ፋኖስ ዝናብና በረዶ ሲነካው እንዳይፈነዳ ብሎ የዚሁን ብርጭቆ ዘመድ አበጀ። በ1913 የኩባንያው ሳይንቲስት ጄሲ ሊትልተን ከዚህ ብርጭቆ የተሠራ የባትሪ ማሰሮ አስቆርጦ ታችኛውን ክፍል ቤቱ ወሰደ፤ ባለቤቱ ቤሲ ኬክ ጋገረችበት። ፓይሬክስ በ1915 ገበያ ወጣ። የኔ ሣጥን ውስጥ ያሉት ፒፓዎች እንግዲህ የባቡር ፋኖስ የልጅ ልጆች፣ የኬክ መጋገሪያ የእኅት ልጆች ናቸው።

ይህን ካወቅኩ ወዲህ «የትኛውን ልውሰድ?» ለሚለኝ ደንበኛ የምመልሰው ረዘም ብሏል። መጀመሪያ ቀለሙን ትተህ ክብደቱን መዝን፤ ግድግዳው ወፈር ያለው ይበልጣል። ወደ መብራት አንሥተህ እየው፤ አንገቱና ራሱ የተጋጠሙበት ቦታ ላይ አረፋ ወይም ስንጥቅ ካለ መልሰው። ቀለሙን በጥፍርህ ፋቅ አድርገው፤ ከተነሣ ከላይ የተቀባ ነው፣ እሳት አጠገብ አታድርሰው። የራሱ ቀዳዳ ከሰፋ አመዱን ያስውጥሃል፣ ከጠበበ ቶሎ ይደፈናል። የጎኑ የአየር ቀዳዳ አውራ ጣትህ ሳይጨነቅ የሚደፍነው ይሁን። ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው የሚንከባለል ከሆነ ዕድሜው አጭር ነው። በዓይን የማይታየው ዋናው ነገር ግን ምድጃው ነው፦ ጥሩ ሠሪ ሠርቶ ሲጨርስ ፒፓውን ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በጋለ ምድጃ አቆይቶ ቀስ አድርጎ ያበርደዋል። ይህ ካልተደረገ ብርጭቆው ቂሙን በሆዱ ይዞ ይኖርና አንድ ቀን ማንም ሳይነካው ይሰነጠቃል። የትኛውም ቢመረጥ ታዲያ ጭስ ጭስ ነው፤ ሳንባ የብርጭቆ ውበት አይለይም።

እስከዚህ ድረስ ጋሼ ረትተዋል። ችግሩ የመጣው ከብርጭቆው አልፌ ወደ ፒፓው ስወርድ ነው። ትምባሆ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ኮሎምበስ በ1492 ከመሻገሩ በፊት አፍሪካ ውስጥ አልነበረም። ከዚያ በፊት የነበረ የአፍሪካ ፒፓ ቢገኝ «ለትምባሆ ብቻ» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ተገኝቷልም። ዶምብሮውስኪ የተባሉ አርኪዮሎጂስት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መገባደጃ አንድ ዋሻ ቆፍረው የሸክላ ፒፓ ራሶች አወጡ። ቫን ደር ሜርዌ የተባሉ ተመራማሪም በሁለቱ ውስጥ የቀረውን ዝቃጭ በኬሚካል መርምረው ውጤቱን በ1975 አሳተሙ፤ ካናቢስ ነበር። ዘመኑ 1320 ገደማ ተባለ፣ 80 ዓመት ወዲያና ወዲህ። መካከሉን ከያዝን የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን ነው፤ ኮሎምበስ ሊወለድ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀረዋል። ዋሻው ላሊበላ ዋሻ ይባላል፤ ከላስታው ላሊበላ ጋር ግን ስም እንጂ ቦታ አይጋራም። የሚገኘው ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ነው። በጌምድር!

ዛሬ በዚያው አገር ይህን ዕፅ ይዞ የተገኘ ሰው ወኅኒ ይወርዳል፤ ስለዚህ ወሬውን ለጋሼ ያደረስኩት ቀስ ብዬ፣ ሎተሪያቸውን ከቆረጡ በኋላ ነው። ትንሽ ዝም አሉና «አይ ልጄ፣ ያ የኛ ሰው አይደለም። መንገደኛ ነጋዴ ረስቶት ሄዶ ነው» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም፤ ተክሉ ከእስያ የመጣ ስለሆነ ነጋዴ አለበት ቢባል ሐሰት አይደለም። ደግሞም ብቻቸውን አይደሉም። አሜሪካኖቹ በ1930ዎቹ ዕፁን ሊከለክሉ ሲነሡ ጣታቸውን የቀሰሩት በሜክሲኮ ስደተኞች ላይ ነበር። ፒፓ በሁሉም አገር መንገደኛ የረሳው ዕቃ ነው፤ ባለቤት ነኝ ብሎ የተገኘ ሕዝብ የለም። ሕጉም፣ ጋሼም፣ እኔም ስለ ዕቃው ስንናገር የምንናገረው ስለ ሌላ ሰው ነው። ፒፓው ውስጥ የቀረው ዝቃጭ ብቻ ነው ሐሰት የማያውቀው።

እዚህ ላይ የሥራዬ ነገር ግራ ያጋባኛል። ደንበኛ የጠቆረ ፒፓ ይዞ ሲመጣ የማጽዳቱን ዘዴ የምነግረው እኔ ነኝ፦ በሚታሸግ ፕላስቲክ ከረጢት ክተተው፤ 91 ፐርሰንት አልኮል አፍስስበት፤ ጨው ጨምር፣ ደቃቁን ሳይሆን ሻካራውን፤ አሽገህ ናጠው፣ አሳድረው፣ ለብ ባለ ውኃ ደጋግመህ አለቅልቀህ አድርቀው። አልኮሉ ባለበት እሳት አታስጠጋ፤ ገና የጋለውን ፒፓም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አትንከረው፣ የፋኖስ ዘር ነው ብለህ አትታበይ። «የትምባሆው ጥቀርሻ ሙልጭ ይላል» ብዬ እጨርሳለሁ። እውነትም ሙልጭ ይላል።

የበጌምድሩ አጫሽ ግን ሰነፍ ነበር፤ ፒፓውን ሳያጥብ ጣለው። በዚያ ስንፍናው ነው ፒፓው ስድስት መቶ ዓመት አልፎ ቤተ ሙከራ ገብቶ የመሰከረው። የኔን ምክር ሰምቶ ቢሆን ኖሮ የጋሼ ፍርድ ያለ ይግባኝ በጸና ነበር። እኔም ማታ ማታ አልኮልና ጨው እየሸጥኩ የአንድ ከተማ ማስረጃ አስጠርጋለሁ። ከሰባት መቶ ዓመት በኋላ ዲሲን የሚቆፍር ምሁር የሚያገኘው ፏ ያለ ብርጭቆ ነው፤ የሽቶ ዕቃ ነበር ብሎ ቢጽፍ አልፈርድበትም።