ስማችን የተለጠፈበት ወንበር

አምና በጥቅምት የማኅበራችን ፕሬዝዳንት ሳለሁ ከተማሪዎች ኅብረት ጽሕፈት ቤት አንድ ኢሜይል ደረሰኝ። የፕራይድ ሳምንት ሲከፈት፣ የቀስተ ደመናው ባንዲራ በሚሰቀልበት ሰዓት የሁሉም ማኅበራት መሪዎች እንዲገኙ የሚጋብዝ ነበር። ንግግር የለም፣ ፊርማ የለም፣ ሃያ ደቂቃ መገኘት ብቻ። እኔ ግን ኢሜይሉን ሁለት ቀን ሙሉ ስከፍተውና ስዘጋው ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን «በጣም ይቅርታ፣ በዚያ ሰዓት ሚድተርም አለብኝ» ብዬ መለስኩ።

ሚድተርም አልነበረብኝም።

ለምን እንደዋሸሁ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ብዙ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም። አብዛኞቻችን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ እየሄድን ያደግን ነን። አገር ቤት በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ነገሩን በእስራት ያስቀጣል። በልጅነታችን የሰማነው ስሙ ራሱ ፍርድ አለበት፤ ገና ስንጠራው ሰዶምን ጠርተናል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ምን ብዬ እንደምጠራቸው ተቸግሬ «ጌይ» በሚለው ጸንቻለሁ። ቢያንስ ራሳቸውን የሚጠሩበት ነው።) ከዚያ ደግሞ ፎቶው አለ። የማኅበሩ ፕሬዝዳንት ከቀስተ ደመና ባንዲራ ሥር ቆማ የተነሳችው ፎቶ በቴሌግራም ስካርቦሮ እናቴ ጋ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይፈጅበትም። አዲስ አበባ አክስቴ ጋ ምናልባት ከዚያም ቀድሞ ይደርሳል።

ሦስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ከአባሎቻችን አንዱ ከስታቲስቲክስ ክፍል ስንወጣ በር ላይ ጠበቀኝ። (ይህን የምጽፈው ፈቅዶልኝ ነው፤ ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር አላስቀረሁም።) ባንዲራው ሲሰቀል እዚያ እንደነበር ነገረኝ። የየማኅበሩ ስም የተለጠፈባቸው ወንበሮች ተደርድረው ነበር። የእኛም ነበረ።

«ትመጪያለሽ ብዬ አልጠበቅኩም» አለኝ። «ግን ስማችንን ጠርተው ‹ፕሬዝዳንቷ ፈተና ላይ ናት› ሲሉ ሳቄ መጣ። ፈተናው በሚቀጥለው ሳምንት እንደነበር አውቃለሁ፤ አንድ ክፍል ነን።»

የምለው ጠፋኝ። ስለ ራሱ ሌላ ነገር አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እሱ ግን አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «እኔ አባል አይደለሁም እንዴ?»

አባል ነው። አሥር ዶላሩን መስከረም ላይ ከፍሏል። ደረሰኙን የጻፍኩለት እኔ ነኝ።

ያን ማታ ከፕራይድ የቀሩ ከንቲባዎችን ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። ጥፋቴን የሚጋራኝ ሰው ፍለጋ ሳይሆን አይቀርም። መጀመሪያ የመጣልኝ የራሳችን ሮብ ፎርድ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በዚህ አገር አቆጣጠር ናቸው።) በ2010 መጨረሻ የቶሮንቶ ከንቲባ ሲሆን እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በ2011 የፕራይድ ሰልፍ የካናዳ ቀን ሰሞን ላይ ዋለ፤ ፎርድም ቤተሰቡ በየዓመቱ እንደሚያደርገው ሀንትስቪል ወዳለው የዕረፍት ቤታቸው እሄዳለሁ ብሎ ቀረ። በ2012ም ቀረ፣ በ2013ም ቀረ።

አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር፤ ፎርድን ይወደው ነበር። ሰውየው ለነዋሪ ስልክ ራሱ መልሶ በመደወል የታወቀ ስለነበር፣ እንደ እኛ ከመሀል ከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ከዚያ በላይ ከንቲባ አልነበረም። «ከቤተሰቡ ጋር በዓል ዋለ፣ ምን አጠፋ?» ይል ነበር አባቴ። ያው አባቴ የፕራይድን እሑድ በዓመት ጥሩ ከሚሠራባቸው ቀኖች አንዱ አድርጎ ይቆጥረው ነበር። ያንግ ስትሪት ተዘጋ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲራገም ይውልና ማታ ብሩን እየቆጠረ ይስቃል።

ታዲያ ሰዉ ለምን ተቀየመ? ፎርድ በ2006፣ የምክር ቤት አባል ሳለ፣ ስለ ኤድስ በጀት ሲከራከር ጌይ ያልሆነና በመርፌ ዕፅ የማይወስድ ሰው በሽታው ምናልባት አይይዘውም የሚል ዓይነት ነገር ተናግሮ ነበር። ስለዚህ ባዶ ቦታውን ማንም የዕረፍት ጉዳይ ነው ብሎ አላየውም። ከዚያ በፊትም ረጅም ታሪክ አለ። በየካቲት 1981 የቶሮንቶ ፖሊስ በአንድ ሌሊት ጌይ ወንዶች የሚሰበሰቡባቸውን መታጠቢያ ቤቶች ወርሮ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ሰው አሰረ። የከተማዋ ፕራይድ በዚያው ዓመት ተጀመረ። ምክር ቤቱ ቀኑን በይፋ ያወጀው ገና በ1991 ነው። ከሰልፈኛው ጋር በመራመድ የመጀመሪያዋ የሆነችው ከንቲባ ባርባራ ሆል ናት፤ እሱም በ1995። አሥራ አራት ዓመት ተጠብቆ የመጣ ከንቲባ ሲቀር ይቆጠራል።

ይበልጥ ያሳሰበችኝ ግን ሌላ ሴት ናት፤ ዳያን ሃስኬት፣ የለንደን ከንቲባ። የእንግሊዟ ሳትሆን ከእኛ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል የምትርቀው የኦንታሪዮዋ ለንደን። በ1995 የጌይ ፕራይድ ቀንን እንድታውጅ ተጠየቀች። አማኝ ክርስቲያን ናት፤ እምቢ አለች። ጉዳዩ ወደ ሰብዓዊ መብት ዳኝነት ሄዶ በ1997 ከተማዋና ከንቲባዋ 10,000 ዶላር እንዲከፍሉ ተወሰነባቸው። ምርጫው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ከሥራዋ ራሷን አገለለች። በኅዳር ግን ሕዝቡ በሰፊ ድምፅ መልሶ መረጣት። ኢሞ የምትባለው፣ ከአሜሪካ ድንበር ጥግ ያለች ትንሽ የኦንታሪዮ ከተማም እንዲሁ በ2020 የፕራይድን ወር አናውጅም ብላ፣ በኅዳር 2024 ከተማዋ 10,000፣ ከንቲባው ደግሞ ከራሱ 5,000 ዶላር እንዲከፍሉ ተፈርዶባቸዋል። እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ ገና ትኩስ ዜና ነበር።

ልብ ያልኩት ነገር አለ። ሁለቱም የተቀጡት ከሰልፍ ስለቀሩ አይደለም። የተቀጡት ለሌላው ነዋሪ የሚሰጡትን ወረቀት ለእነዚህኞቹ ስለከለከሉ ነው። ልክ ይመስለኛል። አዋጁ የከተማው እንጂ የሃስኬት የግል ንብረት አልነበረም። መሄድ አለመሄዱ ግን የሰውየው ነው፤ ያንን በፍርድ ማስገደድ አይቻልም፣ ቢቻልም ማን ይፈልገዋል? እንዲያም ሆኖ ሃስኬት ያመነችበትን ፊት ለፊት ተናግራ ዋጋውን ከፍላለች። ፎርድ ዕረፍት ሄደ። እኔ ሚድተርም አልኩ። ከሦስታችን የእኔ ታንሳለች።

ስለ መሄድ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ የራሳችን እንቁጣጣሽ ነው። በየዓመቱ የቀበሌያችንን የከተማ ምክር ቤት ተወካይ እንጋብዛለን። ካቻምና መጥቶ ጋቢ አልብሰነው፣ ዶሮ ወጥ አቅርበንለት፣ ላቡ እየወረደ ጨርሶ በላ። ሐበሻ ሆነ ያለ የለም፤ ዮሐንስን አከበረ ያለም የለም። ከዚያ በፊት በቀረበት ዓመት ግን አንድ ወር ሙሉ ስናማው ከረምን። «የታሚሎቹ በዓል ላይ ተገኝቶ የለም እንዴ? እኛ ድምፅ የለንም?» ስንል ነበር። ሌሎች ጋ የሚሄድ ተመራጭ አንዱን ለይቶ ሲተው፣ ያ የተተወው ወገን ምን እንደሚሰማው እኛ በደንብ እናውቃለን።

ይህን ለምክትሌ ነገርኳት። አልተቀበለችኝም።

«እንቁጣጣሽ ማንንም ስለ ጋብቻ ምን ታምናለህ አይልም» አለች። «ፕራይድ አቋም ነው። ደግሞ አንቺ ከንቲባ አይደለሽም። ከንቲባ የመረጠውንም ያልመረጠውንም ነው የሚያስተዳድር፣ ግብሩን ማንም ሊቀር አይችልም። አንቺን የመረጡሽ ሰባ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስልሳዎቹ አትሂጂ ይሉሻል። እነሱን ምን ልትያቸው ነው?»

ይህን ክርክር ቀላል አድርጌ ማለፍ አልፈልግም። ከንቲባ ጋ መልሱ ግልጽ ነው፤ ማኅበር ጋ አይደለም። ሰባ ሁለቱ የመጡት ቡና ለመጠጣት፣ አማርኛቸውን ላለመርሳትና ፈተና ሲደርስ አብረው ለማጥናት ነው። በስማቸው የትም ብቆም ቅር የሚለው ይኖራል። ለተወሰነ ጊዜ እዚህ ክርክር ሥር ተጠልዬ ነበር። ችግሩ ከሰባ ሁለቱ አንዱ በር ላይ ጠብቆ ያናገረኝ ልጅ መሆኑ ነው። ስልሳዎቹንም ቢሆን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እኔም ምክትሌም የቆጠርናቸው በግምት ነው።

ተመራጮች ለፎቶ ነው የሚሄዱት የሚለውንም እሰማለሁ፤ እውነትም አለበት። ጀስቲን ትሩዶ በ2016 በቶሮንቶ ፕራይድ የተራመደ የመጀመሪያው በሥልጣን ላይ ያለ ጠቅላይ ሚኒስትር ነው። በዚያው ቀን የብላክ ላይቭስ ማተር የቶሮንቶ አባላት መሀል መንገድ ተቀምጠው ሰልፉን ግማሽ ሰዓት ያህል አስቆሙት። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የፖሊስ ተሳትፎ እንዲቀር ነበር። ማለትም በዓሉ ውስጥ ያሉትም ባለሥልጣን ሁሉ ይምጣልን አይሉም።

ቢሆንም እኔ የደረስኩበት ይህ ነው። ለሲኮቹ ቫይሳኪ፣ ለካሪባና፣ ለእኛ እንቁጣጣሽ ጊዜ የሚያገኝ ከንቲባ ለፕራይድም ጊዜ ማግኘት አለበት። እምነቱን እንዲቀይር የሚጠይቀው የለም። ሕሊናዬ አይፈቅድም ካለ ደግሞ በራሱ አፍ ይናገር፤ ቢሮው የሚፈርመውን ይፈርም፤ እነዚያ ሰዎች ሲደበደቡም ዝም አይበል። እኔም ዛሬ ብጠየቅ ወንበሩ ላይ እቀመጥ ነበር። እሑድ ደግሞ እንደ ወትሮዬ ነጠላዬን ለብሼ አስቀድሳለሁ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ ሙሉ በሙሉ አልፈታሁትም።

ለእናቴ ነግሬያታለሁ። ሌላ ሰው ሳይነግራት እኔ ልንገራት ብዬ ነው። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«የምትነግሪኝ መዋሸትሽን ነው ወይስ መሄድ መፈለግሽን?» አለችኝ።

«ሁለቱንም እማዬ።»

«ለመጀመሪያው ንስሐ ግቢ» አለችና ሽንኩርቷን ቀጠለች። ስለ ሁለተኛው እስካሁን አልተነጋገርንም።

ዘንድሮ ፕሬዝዳንት አይደለሁም። ግብዣው ግን ባለፈው ሳምንት ለአዲሷ ፕሬዝዳንታችን ደርሷታል፤ እሷም ብቻዬን አልመልስም ብላ ለጠቅላላ ስብሰባ አቅርባዋለች። ስብሰባው ሐሙስ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ የምር 12 ሰዓት፣ የሐበሻ ቀጠሮ አይደለም። ጉዳዩ አጀንዳው ላይ ሦስተኛ ነው፤ ከበጀቱና ከገና ዝግጅት ቀጥሎ። መዋጮውን የከፈለ ሁሉ ድምፅ አለው። ምክትሌ የነበረችው ልጅ ተቃውማ ልትናገር ተመዝግባለች፣ እኔ ደግፌ። ቡና የማፍላው እኔ ነኝ።